እሳት ሳይነድ የሚሠራ የፋሲካ ጣፋጭ

(በሰፈራችን ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሴቶች ክፍል የቀረበ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት ሲባል በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲወጣ ተደርጓል።)



ባለፈው ስብሰባ መጨረሻ ላይ ከወላጆች አንድ ጥያቄ ተነሥቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ከውጭ አገር የመጡ ዘመዶች ለልጆች ያመጡት አንድ ጣፋጭ አለ። የፈነዳ እህል በነጭ ከረሜላ ተጣብቆ፣ እንደ ሳሙና በአራት ማዕዘን ተቆርጦ፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ነው። የቀመሱት ልጆች ላልቀመሱት አወሩ፤ ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ሁሉ «ለፋሲካ ይህን ሥሩልን» የሚል ሆኗል። ምድጃ ውስጥ አይገባም፣ አይጋገርም፣ ቀላል ነው ተብሏልና እስቲ እንዴት እንደሚሠራ አጣሩልን ተብለን ነበር። እኛም አጣርተን ቀርበናል። ሆኖም ነገሩን ስንከታተለው ስንከታተለው መጨረሻው ከራሳችን ጓዳ ገባ። እንዴት እንደ ገባ በቅደም ተከተል እናስረዳለን።

ይህ ጣፋጭ የተገኘው በአሜሪካ አገር፣ ሚቺጋን በሚባለው ግዛት፣ ባትል ክሪክ ከተማ ካለው ኬሎግ ከተባለው ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ለቁርስ የሚበላ የፈነዳ ሩዝ እያሸገ ይሸጥ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1939 ዓ.ም. እዚያ ይሠሩ የነበሩ ሚልድረድ ዴይና ማሊታ ጀንሰን የሚባሉ ሁለት ሴቶች ሩዙን በቀለጠ ቅቤና ማርሽማሎ በሚባለው ለስላሳ ከረሜላ አጣብቀው ቆራርጠው አዘጋጁት። የተዘጋጀውም ካምፕ ፋየር ገርልስ ለሚባል የልጃገረዶች ማኅበር ገንዘብ ማሰባሰቢያ ሆኖ እንዲሸጥ ነበር። ልብ በሉ፤ ነገሩ ከመጀመሪያው የማኅበር ሥራ ነው። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እንመለሳለን።

አሠራሩ በእርግጥ ቀላል ነው። ቅቤው በዝግታ እሳት ይቀልጣል፤ ማርሽማሎው ይጨመርና ሲሟሟ የፈነዳው ሩዝ ይገባበታል፤ ትሪ ላይ ተጠፍጥፎ ሲበርድ ይቆረጣል። አለቀ። ችግሩ ያለው ማርሽማሎው ላይ ነው። ድሮ ረግረግ ላይ ከሚበቅል የአንድ ተክል ሥር ይሠራ ነበር፤ ስሙንም ያገኘው ከዚያ ነው። የዛሬው ግን ስኳር፣ ሽሮፕና ጄላቲን ተመትቶ አየር እየሞላ እንዲያብጥ የተደረገ ነው። ጄላቲን ደግሞ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ የሚወጣ ማጣበቂያ ሲሆን፣ በውጭ አገር አብዛኛውን ጊዜ ከአሳማ ነው የሚገኘው። ከከብት የሚሠራም አለ፤ ከእንስሳ ያልሆነም አለ። ነገር ግን በጥቅሉ ላይ «ጄላቲን» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ከምን እንደ ሆነ አይታወቅም። በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ለልጆቻቸው ከረሜላ ሲገዙ ጽሑፉን አገላብጠው የሚያነቡት በዚህ ምክንያት ነው። ከከብትም ቢሆን በጾም ቀን የሚበላ አይደለም። ታዲያ እዚህ አገር ያለን እናት ይህን ሁሉ ከየት ታውቃለች? ዘመድ በፍቅር ያመጣውን ዘመድ በፍቅር ይቀበላል፤ ማንንም አንወቅስም። ለማወቅ ያህል ነው የተናገርነው።

በሌላም በኩል፣ ከመሐል ሜዳ እስከ ራቤል፣ ከሞላሌ እስከ ዓለም ከተማ ሱቅ ለሱቅ ብንዞር ማርሽማሎ የምናገኝ አይመስለንም። ስለዚህ ያን ነገር እንዳለ መሥራት አይቻልም። ግን ነገሩን ፈታ አድርገን ስናየው ምንድን ነው? አስቀድሞ በእሳት የበሰለ እህል፣ የሚያጣብቅ ጣፋጭ፣ ሲበርድ የሚረጋ ቅባት። ከእነዚህ ውጭ ምንም የለበትም።

ጭብጦ ነዋ!

እዚህ ላይ የሳቃችሁ አላችሁ፤ ሳቁ ይገባናል። የሜዳ እረኛ ሳይቀር በመዳፉ የሚያቦካውን፣ ፊደል ስንቆጥር ጀምሮ ስሙን የምናውቀውን በሶ ለበዓል ጣፋጭ አድርጎ ማቅረብ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ጭብጦ የሚለው ስም ራሱ ከመጨበጥ የመጣ ነው፤ በእጅ ተጨብጦ፣ ሳይጋገር፣ ሳይቀቀል የሚበላ ማለት ነው። አሜሪካኖቹ በ1939 የደረሱበትን የእኛ ሰዎች በስልቻ ይዘውት ሲጓዙ ኖረዋል። ደግሞም የመንዝ ወንድ በገዛ እጁ ሠርቶ የሚበላው ምግብ ቢኖር ጭብጦ ነው፤ ስለዚህ ወንዶቹም «ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው» ብላችሁ ከወዲሁ እንዳትነሡብን።

ለእኛ አገር ይህ ዓይነት ምግብ የሚስማማበት ምክንያት አለው። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው ያለችው። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ይፈላል እንጂ እንደ ቆላው አይግልም፤ ባቄላ ለመቀቀል ወይም ወጥ ለማብሰል ከጠዋት እስከ ቀትር የሚፈጅብን ለዚህ ነው። የምናነደው ደግሞ በአብዛኛው ኩበት ነው። የነደደው ኩበት ሁሉ ለማሳ ሳይደርስ የቀረ ፍግ መሆኑን ገበሬው ያውቀዋል። በፋሲካ ሰሞን ዶሮው፣ ዳቦው፣ ጠላው ሁሉ እሳት ይፈልጋል። እንግዲህ በዚያ ላይ እሳት የማይጠይቅ አንድ ነገር ቢገኝ ያቺ የደከመች ሴት ትንሽ ታርፋለች።

ይሁን እንጂ ስለ «ቀላል» አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ጭብጦ የሚቀለው ለሚጨብጠው ነው። በሶው ተዘጋጅቶ ጓዳ እስኪገባ ድረስ ያለውን ሥራ አስቡት። ገብሱ ይለቀማል፤ በውኃ ርሶ ይታመሳል፤ በሙቀጫ ይሸከሸካል፤ በሰፌድ ይበጠራል፤ እንደገና ይቆላል፤ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፤ በወንፊት ይነፋል። የዚያ ሁሉ ጭስና የክንድ ሕመም ተጠራቅሞ ነው በሶ የሚባለው። በሌላ አነጋገር እሳቱ አልቀረም፤ አስቀድሞ ነዷል። ስለዚህ አንድ ቤት ብቻውን ከሚደክም ሦስት አራት ቤት ሆኖ በአንድ ቀን ቢቆላና ቢሸከሽክ ኩበቱም ይተርፋል፣ ጨዋታውም ይደምቃል። ከገብሱ ዓይነት ሰነፍ ገብስ የሚባለው ገለባውን ቶሎ ስለሚለቅ ለቆሎም ለበሶም ተመራጭ ነው።

እንክርዳድን ግን አደራ! ከገብስ ጋር አብሮ ተፈጭቶ ከተበላ ራስ ያዞራል፣ ያስመልሳል፣ እንደ ሰከረ ሰው ያደርጋል። ለትልቅ ሰው የማይታወቀው ለሕፃን ይበዛበታል። ወፍጮ ቤትም በርበሬ ከተፈጨ በኋላ ወረፋ የደረሳችሁ እንደ ሆነ ለሌላው ልቀቁና ቆዩ። ማር የተጨመረበት በሶ በርበሬ በርበሬ ሲል ምን ዓይነት ጣፋጭ እንደሚሆን የቀመሰ ያውቀዋል።

ስለ ገብሳችን ጥቂት እንበል፤ ልጆቻችንም ቢሰሙት ደስ ይለናል። ገብስ የእህል ንጉሥ ነው ሲባል የኖረው በከንቱ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1927 ዓ.ም. ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው የሩስያ የእፅዋት ሊቅ አገራችንን ተዘዋውሮ ሲያይ፣ የገብስ ዝርያ እዚህ እንዳለው በብዛት ተለያይቶ በመገኘቱ ተደንቆ ኢትዮጵያን ከዓለም ታላላቅ የሰብል ምንጮች አንዷ አድርጎ መዝግቧታል። ከዚያ በኋላም በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ገብሱን ቢጫ ድንክ የሚባለው የቫይረስ በሽታ ሲያጠቃው መከላከያው የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ዘር ነው። የገብስ አሰር በደም ውስጥ ያለውን ጎጂ ስብ እንደሚቀንስ በምርምር ተረጋግጧል። ይህ ሁሉ እያለ እኛ ልጆቻችን ፊት በሶን ስናሳንስ ነው የምንገኘው።

ወደ ዋናው ቁም ነገራችን የምንደርሰውም እዚህ ላይ ነው። ከገጠር ቀበሌዎች መጥተው በከተማችን ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች አሉ። በየቤታችን ያሉ ናቸውና ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ስንቃቸው ከቤተሰብ ይመጣል፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ። በዚያች ስንቅ ነው ሳምንቱን የሚገፉት። እኛ የታዘብነው ምንድን ነው? የከተማ ልጅ ወደ ክፍላቸው ሲገባ የበሶውን ከረጢት ከአልጋ ሥር ይገፉታል። የተገዛ ብስኩት ከሆነ ግን ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። እናት ሌሊት ተነሥታ ቆልታ፣ አባት ሁለት ሦስት ሰዓት በእግሩ ተሸክሞ ያመጣው ነገር ማፈሪያ ሆነ ማለት ነው። ልጁን አንወቅሰውም። በሶ የድሃና የመንገደኛ ነው ብለን ያስተማርነው እኛ ትልልቆቹ ነን፤ እንግዳ ሲመጣ በሶ አናቀርብም፣ በበዓል ቀን ስሙን አናነሣም። እንግዲህ በሶ በፋሲካ ማዕድ ላይ፣ ከዳቦው አጠገብ፣ በንጹሕ ሳሕን ተቆርጦ ቢቀርብ ያ ልጅ ምን ይሰማዋል? እኛ ይህን ነው የምንፈልገው። የጣፋጩ ነገር ሁለተኛ ነው።

አሠራሩን እንናገር። መለኪያችን የሻይ ብርጭቆ ነው። ሦስት ብርጭቆ የተነፋ በሶ፣ አንድ ብርጭቆ የገብስ ቆሎ፣ አንድ ብርጭቆ ማር፣ ግማሽ ብርጭቆ ተነጥሮ የቀለጠ ቅቤ፣ የጨው ቁንጣሪ ይዘጋጃል። ቅቤው የወጥ ቅመም የገባበት አይሁን፤ ጥቂት የተፈጨ ኮረሪማ ብቻ ይበቃዋል። ቆሎው በደንብ የፈነዳው ተመርጦ በሙቀጫ ሁለት ሦስቴ ብቻ ይነካል፤ ዱቄት እንዳይሆን፣ ጥርስ ሥር ኩርሽም እንዲል ነው። ያ የአሜሪካኖቹ ሩዝ ልጆችን የሚማርካቸው በዚህ ድምፅ ነውና ቆሎውን አትቀንሱበት።

ማር በእኛ ብርድ ድንጋይ ሆኖ ይረጋል። የረጋ ሁሉ ስኳር የገባበት ነው የሚባለው ስሕተት ነው፤ ንጹሕ ማርም በብርድ ይረጋል። ዕቃውን ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ወይም ሙቅ ውኃ ባለበት ድስት ውስጥ ማቆም ነው፤ እሳት ላይ መጣድ አያስፈልግም። በዚያው ሙቅ ውኃ ቅቤውም ይቀልጣል። በሶው፣ ቆሎውና ጨው በገበቴ ይደባለቁ፤ ቅቤው ይፍሰስበትና በእጅ ይታሽ፤ ከዚያ ማሩ በትንሽ በትንሹ ይግባ። በሶ እንደ ገብሱ ዓይነት የሚጠጣው ይለያያልና ማሩን በአንዴ መገልበጥ ጥሩ አይደለም። በእጅ ሲጨበጥ የጣት ምልክት ይዞ የሚቀር፣ ግን እጅ ላይ የማይለጠፍ ሲሆን ደርሷል። ከፈረሰ ማር ይጨመር፤ ከላላ በሶ። ቅቤ የተቀባ ትሪ ላይ ሁለት ጣት ያህል ውፍረት ተደርጎ በብርጭቆ ቂጥ በኃይል ይጠቅጠቅ። የመጠቅጠቁ ነገር ዋናው ነው፤ በደንብ ካልተጠቀጠቀ ሲቆረጥ ይበታተናል።

ከዚያ ሸፍኖ ማሳደር ነው። ሌላው ዓለም ለዚህ ማቀዝቀዣ ይገዛል፤ ለእኛ የመንዝ ሌሊት ይበቃል። ጠዋት ቅቤው ረግቶ ያድራል፤ ቢላዋ ሙቅ ውኃ ውስጥ እየተነከረ በአራት ማዕዘን ይቆረጣል። ሃያ ያህል ቁራጭ ይወጣዋል። በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ በተከደነ ዕቃ፣ ከእርጥበት ርቆ ከተቀመጠ የበዓሉን ሳምንት ይቆያል።

ለጾም የሚፈልግ ቅቤውን ትቶ ግማሽ ብርጭቆ የሱፍ ዘይት ያግባ፤ በዘይት የተሠራው እንደ ቅቤው ስለማይረጋ ሰሊጥ ወይም ተልባ ቆልቶና ወቅጦ ቢጨምርበት ይጠብቅለታል። ማርን ስለሚመለከተው ጥያቄ የየንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ እኛ አንገባበትም። ማር የሌለው ወይም የተወደደበት ሁለት እጅ ስኳር በአንድ እጅ ውኃ አፍልቶ በማንኪያ ሲነሣ እንደ ክር እስኪሳብ አወፍሮ መጠቀም ይችላል። በዚያ ጊዜ ትንሽ እሳት ነካነው ማለት ነው፤ ይሁን።

ጥቂት ማስጠንቀቂያ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ፈጽሞ አይሰጥ፤ ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ረቂቅ ተሕዋሲ በጨቅላ አንጀት ውስጥ ተራብቶ መርዝ በማውጣት ጡንቻ ያሽመደምዳል፤ ትንፋሽም ሊያቆም ይችላል። ማሩን ማሞቅ አያጠፋውም። «እኛ በማር ነው ያደግነው» የምትሉ እናቶች እንዳላችሁ እናውቃለን፤ የዘመኑ ሕክምና ግን በዚህ ላይ አንድ ቃል ነው ያለው። ከአራት ዓመት በታች ላሉት ደግሞ ቆሎው እንዳያንቃቸው በበሶ ብቻ ይሠራላቸው። የስኳር በሽታ ያለባቸው አባቶችና እናቶች ለማየት ያህል ይቅመሱ እንጂ አይደጋግሙት። በሶ ያጣ ሰው ጥሬ ዱቄት እንዳይተካ፤ ጥሬ ዱቄት ያልበሰለ እህል ነው፣ ሆድ ያማል። በውኃ የሚያቦካም ውኃውን አፍልቶ ያቀዝቅዝ።

ስለ ወጪው ብዙ አንልም። በሶው ከጎተራ ነው። ማርና ቅቤ በፋሲካ ሰሞን እንደሚወደዱ የታወቀ ነው፤ የበልጉ ገብስ ገና በማሳ ላይ ያለበት፣ ጎተራ የሚጎድልበት ወቅት ነውና። ሆኖም አንድ ብርጭቆ ማር ሃያ ልጅ ያዳርሳል። መንገድ ሲዘጋና ሸቀጥ ሲጠፋ ደግሞ ከረሜላው ሲቀር በሶው ጓዳ ውስጥ እንዳለ ይቆያል።

አንድ ወጣት አባል «ጥያቄው የጸደይ በዓል ጣፋጭ ነበር፤ ጸደይ መስከረም አይደለም ወይ?» ብሎ ጠይቆናል። በልማድ መስከረምን ጸደይ የሚል ብዙ ነው። በአባቶች አቆጣጠር ግን ከመስከረም 26 ጀምሮ ያለው መፀው ነው፤ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። ፋሲካም ከመጋቢት 26 ቀድሞ፣ ከሚያዝያ 30 አልፎ ስለማይውል ምንጊዜም ከጸደይ አይወጣም። ለእንቁጣጣሽም ቢሠራ ግን የሚከለክል የለም።

አሁን ወደ ሥራው። የሆሣዕና ዋዜማ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በማኅበሩ አዳራሽ የጾሙን ዓይነት አብረን ሠርተን እንለማመዳለን። የፍስኩን ሁሉም በየቤቱ በቀዳም ሹር ይሠራል። ከዚያ በዳግም ትንሣኤ እሑድ፣ እንደ እነዚያ ልጃገረዶች ማኅበር፣ ከየቤቱ የተሰበሰበው በበራችን ላይ ይሸጣል፤ ገቢው በኪራይ ቤት ለሚኖሩት ተማሪዎች ደብተርና የመብራት ወጪ ይውላል። ሻጮቹ ራሳቸው ተማሪዎቹ እንዲሆኑ ጠይቀናቸው እሺ ብለውናል፤ ሁለቱ እንዲያውም የእናታቸውን በሶ እንደሚያመጡ ነግረውናል።

ለልምምዱ እያንዳንዱ ቤት ሁለት ብርጭቆ የተነፋ በሶና አንድ እፍኝ ቆሎ ይዞ ይምጣ። ማሩንና ዘይቱን ማኅበሩ ይችላል። ትሪ አራት አለን፤ ሁለት ይጎድለናል። ጥሩ ወንፊት ያላችሁ ስማችሁ እንዲጠፋ ካልፈለጋችሁ ስም ጽፋችሁበት አምጡ፤ ባለፈው የተቀላቀለው ወንፊት እስከ ዛሬ ባለቤቱ አልተገኘለትም።